አንድ ስፕሪንግ፣ ሁለት መለኪያ፦ ልጠጣና ውዝዋዜን በትምህርት ቤት ላብራቶሪ መመርመር

በብዙ ትምህርት ቤት የስፕሪንግ ሙከራ ግማሽ ላይ ይቆማል። ጭነት ይሰቀላል፣ ልጠጣ (ስፕሪንጉ ስንት እንደረዘመ) ይለካል፣ ግራፍ ይሳላል፣ የሁክ ሕግ ልክ ነው ተብሎ ደብተር ይዘጋል። ውዝዋዜው ደግሞ ሌላ ሳምንት፣ በሌላ ስፕሪንግ፣ እንደ ሌላ ርዕስ ይመጣል። እኔ የምመክረው አንዱን ስፕሪንግ በሁለቱም መንገድ መለካት ነው። መጀመሪያ በማስመሪያ፣ ቀጥሎ በሰዓት። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር፣ ስለ ስፕሪንጉ ግትርነት ነው የሚነግሩን። ስለዚህ መልሳቸው መገናኘት አለበት። ብዙ ጊዜ ግን አይገናኝም። ያ ልዩነት ከየት እንደመጣ ማደን ነው የሙከራው ጣፋጭ ክፍል።

መመሪያው የተጻፈው የሰሜን ሸዋን ትምህርት ቤቶች እያሰብኩ ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ዕቃው የተሟላለት ይኖራል። መንዝ ወይም አንኮበር ወጣ ስትሉ ግን ስታንድ ኖሮ ክብደት የሌለው፣ ክብደት ኖሮ ስፕሪንግ የሌለው ያጋጥማል። ስለዚህ ለየዕቃው ምትክ አስቀምጫለሁ።

ስፕሪንግ መምረጥ

ሙከራው የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ጋራዥ ሄዳችሁ ሞላ ብትሉ የሚያወጡላችሁ የሞተር ወይም የባጃጅ ነው። እሱ ሁለት ኪሎ ብትጭኑበትም ንቅንቅ አይልም። የእስክሪብቶው ደግሞ አጭር ነው፤ የተሠራውም እንዲገፋ እንጂ እንዲጎተት አይደለም።

የምትፈልጉት በሁለቱም ጫፍ መንጠቆ ያለው፣ 100 ግራም ሲሰቀልበት ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ስፕሪንግ ነው። ከዚህ የጠነከረው ልጠጣው በማስመሪያ አይታይም፤ ውዝዋዜውም ለመቁጠር ይፈጥናል። ከዚህ የላላው ደግሞ ወለል ይነካል። ዕቃ ቤት ውስጥ የተሰበረ ኒውተን ሜትር (የኃይል መለኪያ) ካለ ሳትጥሉት ፍቱት። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ስፕሪንግ ጥምጥሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጭነት ብትሰቅሉበት ምንም አይረዝምም። ጥምጥሙን ለመለያየት ብቻ የሚጠፋ ኃይል አለ። እንዲህ ዓይነቱ ከገጠማችሁ አትጣሉት። ዝም ብላችሁ ጥምጥሞቹ መካከል ብርሃን እስኪታይ ድረስ መነሻ ጭነት ስቀሉበትና ከዚያ መለካት ጀምሩ።

ከመስቀላችሁ በፊት ስፕሪንጉን ራሱን መዝኑት። ከሱቅ ዲጂታል ሚዛን ላይም ቢሆን። ቁጥሩን ደብተር ጥግ ላይ ጻፉት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ጭነቱ

የላብራቶሪ ክብደት ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ውሃ አለ። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መለኪያ ይሆናችኋል። ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን በክር አስራችሁ ስቀሉ፤ ከዚያ 50፣ 50 ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ ሂዱ።

ለልጠጣው ይህ በቂ ነው። ለውዝዋዜ ግን ውሃ ያስቸግራል፤ ጠርሙሱ ውስጥ እየተናጠ ልኬቱን ያዛባል። መፍትሔው አሸዋ ነው። አሸዋውን ደግሞ ሚዛን ሳትፈልጉ በራሱ በስፕሪንጉ መመዘን ትችላላችሁ። ጠርሙሱ ላይ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ጠቋሚው የቆመበትን ምልክት አድርጉ። ውሃውን ደፍታችሁ፣ ጠርሙሱን አድርቃችሁ፣ ጠቋሚው እዚያው ምልክት ላይ እስኪደርስ ደረቅ አሸዋ ጨምሩ። 200 ግራም አሸዋ አገኛችሁ። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ የስፕሪንግ ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

የጠርሙሱ የራሱ ማስ እንዳይረሳ። ለልጠጣው ባዶውን ጠርሙስ ሰቅላችሁ ያነበባችሁትን እንደ ዜሮ ብትወስዱ ችግር የለውም። ለውዝዋዜ ግን ጠርሙሱም ይወዛወዛልና መደመር አለበት።

ማቆም

ስታንዱን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርጉ፤ ጭነቱ ከጠረጴዛው ውጭ ወደ ወለሉ ይንጠልጠል። የስታንዱ እግር ላይ ድንጋይ ወይም ብዙ መጽሐፍ ጫኑበት፣ አለዚያ ይገለበጣል። ስታንድ ከሌለ ግድግዳው ወይም የበሩ መቃን ላይ ወፍራም ሚስማር ይበቃል። ዋናው ነገር ማንጠልጠያው አለመነቃነቁ ነው። ማንጠልጠያው አብሮ ከተወዛወዘ የምትለኩት የስፕሪንጉን ብቻ ሳይሆን የስታንዱንም ግትርነት ነው።

ማስመሪያውን ከስፕሪንጉ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አረጋግጡ፤ ክርና ትንሽ ድንጋይ ቱንቢ ነው። የእንጨት ማስመሪያ ጫፉ ስለሚያልቅ ዜሮውን አትመኑት፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ጀምሩ። ስፕሪንጉ ታች መንጠቆ ላይ ቀጭን የካርቶን ጠቋሚ በፕላስተር ለጥፉ። ከጭነቱ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ የታጠፈ ጨርቅ ወይም አሸዋ ያለበት ካርቶን አስቀምጡ። ፊት ወደ ስፕሪንጉ አይጠጋ። የተለጠጠ ሽቦ መንጠቆው ከተፈታ ዓይን ይመታል፤ መነጽር ካለ አድርጉ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ደግሞ መስኮት ዝጉ። ከሰዓት በኋላ የሚነፍሰው ነፋስ ቀላል ጭነትን ወደ ጎን ለማወዛወዝ በቂ ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ፦ ማስመሪያ

ያለ ጭነት ጠቋሚው የት እንዳለ አንብቡ። 50 ግራም ስቀሉ፣ እስኪረጋ ጠብቁ፣ አንብቡ። እንዲሁ እያላችሁ እስከ 300 ግራም። ስታነቡ ዓይናችሁ ከጠቋሚው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፤ መንበርከክ ካስፈለገ ተንበርከኩ። ቆሞ ቁልቁል ማየት በቀላሉ 3 እና 4 ሚሊ ሜትር ያስታል።

300 ሲደርስ አትጨርሱ። ወደ ኋላ 50፣ 50 እየቀነሳችሁ እንደገና አንብቡ። ሲወጣም ሲወርድም ቁጥሩ ያው ከሆነ ስፕሪንጉ ጤነኛ ነው። ሲወርድ ያለው ንባብ ሁልጊዜ የሚበልጥ ከሆነ ግን ስፕሪንጉ ከልጠጣ ወሰኑ አልፏል፤ ወደ መጀመሪያ ርዝመቱ አልተመለሰም ማለት ነው።

አሁን ግራፉ። ልጠጣን በአግድም፣ ኃይልን በቁም አድርጉ። ኃይሉ በኒውተን፣ ልጠጣው በሜትር ይሁን። ሴንቲ ሜትር መቀየር መርሳት የዚህ ሙከራ ዋነኛ የውጤት ገዳይ ነው። ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ይሰለፋሉ። የመስመሩ ስሎፕ (ኃይሉ ለልጠጣው ሲካፈል) መጽሐፉ ‹ኬ› የሚለው የስፕሪንጉ ኮንስታንት ነው፦

ኃይል = ኬ × ልጠጣ

ምሳሌ እንውሰድ። 100 ግራም 4.9፣ 200 ግራም 9.8፣ 300 ግራም 14.7 ሴንቲ ሜትር አስረዘመ እንበል። የ300 ግራሙ ክብደት 0.3 ኪሎ ግራም በ9.8 ሲባዛ፣ 2.94 ኒውተን ገደማ ነው። ለ0.147 ሜትር ስናካፍለው 20 ኒውተን በሜትር ይሆናል። ይህን ቁጥር ያዙት።

ይህን ሕግ ያወጣው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። መጀመሪያ በ1676 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ፊደላቱን አተራምሶ፣ ማንም እንዳያነበው አድርጎ ነበር። ፍቺውን የገለጠው በ1678 ነው። ተማሪዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ሌላው እንዳይቀድመው አድርጎ ሐሳቡን ማስመዝገቡ ነው።

ስፕሪንግ የማጥፋት ሙከራ

የልጠጣ ወሰንን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ግን ደህናውን ስፕሪንግ አትሠዉበት። ፌሮ ለማሰር የሚያገለግለውን ለስላሳ ሽቦ አንድ ሜትር ያህል ፈልጉ፤ ግንባታ ካለበት ሁሉ ቁርጥራጩ አይጠፋም። እርሳስ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙና እርሳሱን አውጡ። ስፕሪንግ የሚመስል ነገር ይሆናል።

በ10 እና በ20 ግራም እየጨመራችሁ ለኩ። ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ደግሞ ጭነቱን አውርዳችሁ ወደ መነሻው መመለሱን እዩ። መጀመሪያ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ አይመለስም። ግራፉ ቀጥ ብሎ ሄዶ በድንገት ይጎብጣል፤ ያው ተጨማሪ ጭነት ከበፊቱ ይበልጥ ያስረዝመዋል። የሁክ ሕግ እስከዚያች መታጠፊያ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። ይህን የ15 ደቂቃ ሥራ ዝለሉት የሚል መምህር ቢኖር አልስማማም፤ ሕጉ የት እንደሚያልቅ ያላየ ተማሪ ሁሉም ነገር ቀጥታ መስመር ይመስለዋል።

ሁለተኛው መለኪያ፦ ሰዓት

ወደ ደህናው ስፕሪንግ እንመለስ። አሸዋ ያለበትን ጠርሙስ ስቀሉበት፤ አሸዋው ጠርሙሱን ጨምሮ 200 ግራም እንዲሆን አድርጉ። እስኪረጋ ጠብቁ። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡና ልቀቁ። አትግፉ፣ አትወርውሩ፣ ልቀቁት ብቻ። የምትስቡት ጭነቱ ስፕሪንጉን ካስረዘመበት መጠን ማነስ አለበት። ከበለጠ ጭነቱ ወደ ላይ ሲመለስ ስፕሪንጉ ይላላል፤ ከዚያ የምታዩት ንጹህ ውዝዋዜ አይደለም።

ጭነቱ ቀድሞ የረጋበትን ቦታ በጠመኔ ወይም በካርቶን ምልክት አድርጉ። ሰዓቱን የምታስጀምሩት ጭነቱ በዚያ ምልክት ወደ ታች ሲያልፍ ነው። ብዙዎች ጫፍ ላይ፣ ቆም ሲል፣ መቁጠር ይቀላቸዋል። ግን ጫፍ ላይ ጭነቱ ዘገምተኛ ስለሆነ መቼ በትክክል እንደቆመ አይታወቅም። መሃል ላይ ፈጣን ነው፤ ያለፈበት ቅጽበት ግልጽ ነው።

ሲቆጠር ከዜሮ ይጀመር። ሰዓቱ ሲነሳ "ዜሮ"፣ ጭነቱ በዚያው ምልክት በዚያው አቅጣጫ ሲያልፍ "አንድ"። ሲነሳ "አንድ" ያለ ቡድን በ20 ፋንታ 19 ውዝዋዜ ነው የለካው፤ የአንድ ውዝዋዜ ጊዜውም በ5 በመቶ ይዛባል።

ለምን 20? የሰው እጅ አይቶ እስኪጫን 0.2 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ ከለካችሁ ይህ ስህተት ትልቅ ነው። ለ20 ሲካፈል ግን 0.01 ሴኮንድ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። የስልክ ስቶፕዎች ይበቃል። ስልካችሁ ቀስ ብሎ የሚያሳይ ቪዲዮ የሚቀርጽ ከሆነ ደግሞ ሰዓትና ጭነት አንድ ላይ ቀርጻችሁ ማየት ይቻላል፤ ግን ግዴታ አይደለም።

የሳባችሁትን ርቀት ከ2 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ለውጡና እንደገና ለኩ። ፔሬዱ፣ ማለትም አንድ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ፣ አይለወጥም። ብዙ የሳቡት ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ግን በዚያው ልክ ይፈጥናል። ተማሪዎቹ ከመለካታቸው በፊት ይገምቱ፤ ብዙው ይረዝማል ይላል።

አንዳንዴ ግራ የሚያጋባ ነገር ይመጣል። ቀጥ ብሎ ሲወዛወዝ የነበረው ጭነት ቀስ በቀስ ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል፤ የላይና ታቹ ይጠፋል፤ ከዚያ መልሶ ይመጣል። የእናንተ እጅ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ከማንጠልጠያው እስከ ጭነቱ መሃል ያለው ርዝመት የልጠጣውን 4 እጥፍ ሲጠጋ፣ የላይና ታቹ ፍጥነት የጎኑን ሁለት እጥፍ ይሆናል። ያኔ ሁለቱ ውዝዋዜዎች ጉልበት ይቀባበላሉ። ጭነቱን በ50 ግራም ለውጡ ወይም ስፕሪንጉና ጭነቱ መካከል ክር ቀጥሉ፣ ይለቃችኋል።

ሁለቱ ኬዎች ሲገናኙ

የውዝዋዜው ቀመር ይህ ነው፦

ፔሬድ = 2 × 3.14 × √(ማስ ÷ ኬ)

ኬን ለማግኘት ሲገለበጥ፦ ኬ = 39.5 × ማስ ÷ ፔሬድ ስኩዌር። 39.5 ገደማ የሚሆነው 2 × 3.14 በራሱ ሲባዛ ነው።

በምሳሌያችን 20 ውዝዋዜ 13.03 ሴኮንድ ፈጀ እንበል። ፔሬዱ 0.65 ሴኮንድ ነው። 0.2 ኪሎ ግራም አስገብተን ስናሰላ ኬ 18.6 ይወጣል። ማስመሪያው ግን 20 ብሎን ነበር። 7 በመቶ ልዩነት።

እዚህ ላይ "ያው የልኬት ስህተት ነው" ብሎ ማለፍ ይቀናል። ግን ሦስት ጊዜ ለክተን ሰዓቱ ብዙም ካልተለያየ 7 በመቶ የእጅ ስህተት አይደለም። አሁን ያን ደብተር ጥግ ላይ የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡ። ስፕሪንጉ 45 ግራም ነበር እንበል። እሱም እኮ እየተወዛወዘ ነው። ላይ ያለው ጥምጥም አይንቀሳቀስም፤ ታች ያለው ከጭነቱ እኩል ይሄዳል፤ መሃሉ በመካከል ነው። ሲሰላ የስፕሪንጉ ማስ አንድ ሦስተኛው ከጭነቱ ጋር ይደመራል። 45 ለ3፣ 15 ግራም። 0.215 ኪሎ ግራም አስገብታችሁ እንደገና አስሉ፦ 20።

ስሌቱን አምኖ ከመቀበል ይልቅ በግራፍ ማሳየት ይቻላል። ከ100 እስከ 300 ግራም ለአምስት የተለያዩ ጭነቶች ፔሬድ ለኩ። ማስን በአግድም፣ ፔሬድ ስኩዌርን በቁም ሳሉ። ቀጥታ መስመር ይወጣል፤ ግን በዜሮ አያልፍም። መስመሩን ወደ ግራ ስትቀጥሉት የማስን መስመር ከዜሮ በታች፣ 15 ግራም አካባቢ ይቆርጠዋል። ግራፉ ስፕሪንጉን ሚዛን ላይ ሳታስቀምጡ የማሱን አንድ ሦስተኛ ነገራችሁ ማለት ነው። የዚህ ግራፍ ስሎፕ ደግሞ 39.5 ለኬ ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ ኬ ከስፕሪንጉ ማስ ጣጣ ነጻ ሆኖ ይወጣል።

የስበት ጉዳይ

ማስመሪያው የሰጠን ኬ ውስጥ የመሬት ስበት አለ፤ ኪሎ ግራምን ወደ ኒውተን የቀየርነው በ9.8 አባዝተን ነው። የሰዓቱ ኬ ውስጥ ግን ስበት የለም። ስለዚህ ሁለቱን በማወዳደር ስበቱን ራሱን መለካት ይቻላል፦ የአንድ ኪሎ ግራም ልጠጣን በ39.5 አባዝታችሁ ለፔሬድ ስኩዌሩ ግራፍ ስሎፕ አካፍሉ።

እዚህ ላይ ብልህ ተማሪ ይነሳና ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች ስበቱ ያንሳል ወይ ይላል። አዎ ያንሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። በዚህ የተነሳ ስበቱ ከ9.77 እስከ 9.78 መካከል ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ከ0.1 በመቶ በታች ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን የመንዝ በግ በስፕሪንግ ሚዛን ተመዝኖ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ቢወርድ የሚጨምረው ከ10 ግራም ብዙም አይዘልም። በጉ መንገድ ላይ ከዚያ በላይ ይከሳል።

በእኛ ማስመሪያ ይህን ማየት አይቻልም። በ14.7 ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብትስቱ ስበቱ በ0.07 ይዛባል፤ የምንፈልገው ልዩነት ግን 0.03 ነው። 9.6 ወይም 9.9 ያገኘ ቡድን ጥሩ ሠርቷል። በትክክል 9.77 ያገኘ ቡድን ካለ ደብተሩን እንደገና እዩለት።

የጠዋቱ ብርድስ? ብረት ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይጠነክራል። ግን 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ እንኳ ለውጡ ከግማሽ በመቶ አይሞላም። ስለዚህ ብርዱ ለጣታችሁ እንጂ ለስፕሪንጉ አያስጨንቅም።

ክፍል ውስጥ ለማካሄድ

ሁሉንም በአንድ ክፍለ ጊዜ አትጭመቁት። ልጠጣውና የሽቦው ሙከራ አንድ ቀን፣ ውዝዋዜው ሌላ ቀን፣ ግራፍና ማወዳደሩ ሦስተኛ ቀን። በቡድን አምስት ተማሪ ይበቃል፤ አንዱ ይስቀል፣ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ አንዱ ይጻፍ። የሚቆጥረውና ሰዓት የሚይዘው አንድ ሰው ቢሆን ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔም ለፈጣን ውዝዋዜ እስማማለሁ። ስፕሪንጎቹ ላይ ቁጥር ለጥፉ። በሁለተኛው ቀን ቡድኑ የራሱን ስፕሪንግ ካላገኘ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም። ጭነቱን ሰቅላችሁ አትደሩ፤ ሌሊቱን የተለጠጠ ስፕሪንግ ጠዋት ያው ላይሆን ይችላል።

ጊዜ ከተረፈ ሁለት ተመሳሳይ ስፕሪንግ አንዱን በአንዱ ጫፍ ቀጥሉ። ኬ በግማሽ ይወርዳል፣ 10 ይሆናል። ጎን ለጎን ብታደርጓቸው ደግሞ 40። ለተቀጣጠሉት ተማሪዎች የ200 ግራሙን ፔሬድ አስቀድመው ያስሉ። አብዛኛው 0.65ን በ1.41 አባዝቶ 0.92 ሴኮንድ፣ ለ20 ውዝዋዜ 18.4 ሴኮንድ ይላል። ግምቱን ሰሌዳ ላይ ጻፉና ልቀቁት። ሰዓቱ 19 ሴኮንድ አካባቢ ይቆማል። ለምን እንደሆነ ከመናገራችሁ በፊት አሁን የተሰቀለው ስፕሪንግ በጠቅላላው ስንት ግራም እንደሆነ ጠይቋቸው።